የጭቃ ምድጃ አለሳሰንና አጨራረስ (ካበላሸሁት የተማርኩት)

በዛሬው «እንማማር» ዓምዳችን ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ጭቃ ምድጃ ነው። «ደግሞ ምድጃ ምን ትምህርት አለው?» የምትሉ አትጠፉም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ባለፈው ዓመት ግን ምድጃ ሠርቼ የእናቴን ምጣድ ከነሊጡ ካሰበርኩ በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ። መጀመሪያ የሆነውን ላጫውታችሁ፤ ከዚያ ወደ ትምህርቱ እንገባለን።

ምጣዱ የተሰበረ ቀን

የምንኖረው እዚሁ ደባርቅ ነው። የተከራየነው ቤት ማድ ቤት የለውም። ስለዚህ እማዬ የምትጋግረው ግቢ ውስጥ፣ አጥሩ ጥግ ባለች የቆርቆሮ ጠለላ ሥር ነው። እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። የእኔ ደብተርና እስክርቢቶ፣ የእህቴም ዩኒፎርም የሚገዛው ከዚያ ነው። ምድጃችን ግን ሦስት ጉልቻ ብቻ ነበር። ነፋስ ሲነሳ ነበልባሉ ወደ ጎን ይሄዳል፤ እንጀራው በአንድ በኩል ያርራል፣ በሌላው በኩል አይበስልም። ጭሱ ደግሞ ዓይኗን ያስለቅሳታል።

ታዲያ እኔና ታላቅ ወንድሜ «ለእማዬ ደህና ምድጃ እንሥራላት» ተባባልን። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጀምረን ቅዳሜ ማታ ጨረስን! ከግቢያችን ጥቁር አፈር ቆፈርን፣ ውሃ አፈሰስንበት፣ ረገጥነው፣ ድንጋይ እየደረደርን ገነባነው። ላዩን ቀጭን ጭቃ ቀብተን በእርጥብ እጃችን ስናሻሸው አብረቀረቀ። ኩራታችን አይጣል ነው! እሑድ ጠዋት «ቶሎ ይድረቅ» ብለን ትልቅ እሳት አነደድንበት። እማዬም ምጣዷን ጣደች።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ሦስተኛውን እንጀራ ለመጋገር ሊጡን እያዞረች ሳለ «ቷ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ግድግዳው ከአናቱ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ያ የኮራንበት ልስን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። ምጣዱ በአንድ ጎኑ ዘመመና ለሁለት ተሰበረ። ሊጡ እሳቱ ውስጥ ፈሰሰ።

እማዬ አልተቆጣችንም። የቀረውን ሊጥ ተሸክማ ዝም ብላ ወደ ጎረቤት ሄደች። እኔን የከፋኝ ዝምታዋ ነው፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አዲስ ምጣድ እስክንገዛ ድረስ ሳምንት ሙሉ በሰው ምጣድ፣ ሰው ሲጨርስ እየጠበቀች ጋገረች።

አያቴ ምን አለች?

ለጥምቀት አያቴ ከዳባት ገጠር መጣች። የምድጃውን ፍርስራሽ አይታ በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው።

«ማነው የሠራው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኳት። ወንድሜ ቀስ ብሎ ወጣ።

«ጎበዝ! መገንባቱን ችለህበታል። መጨረሱን ነው ያልቻልክበት። ምድጃ የሚያልቀው በልስኑ ነው። በል፣ አብረን እንሠራዋለን» አለችኝ።

እኔ ልስን ለውበት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ሦስት ትልልቅ ሥራዎች አሉት። አንደኛ፣ ስንጥቁን ደፍኖ እሳቱና ጭሱ በየቀዳዳው እንዳይወጣ ያደርጋል። ሁለተኛ፣ ምጣዱ የሚቀመጥበትን ጠርዝ ያስተካክላል። ሦስተኛ፣ ግድግዳውን ከነፋስና ከካፊያ ይጠብቃል። አሁን አሠራሩን በደረጃ በደረጃ እንየው።

ደረጃ 1፦ አፈር መምረጥ

የእኛ የመጀመሪያ ስህተት ጥቁሩን አፈር (ዋልካውን) መጠቀማችን ነው። አያቴ «በበጋ ማሳ ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ አላየህም? ያ አፈር ነው እኮ ምድጃ ያደረግከው!» አለችኝ። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ በጣም ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ በጣም ይኮማተራል። ለምድጃ የሚሻለው ቀይ አፈር ነው፤ እሱም አሸዋ ይቀላቀልበታል።

አሸዋው ስንት ይሁን? እንዲህ ሞከርነው። ሦስት የጭቃ ኳሶች ሠራን። አንዱ አፈር ብቻ፣ አንዱ 3 ጣሳ አፈር በ1 ጣሳ አሸዋ፣ አንዱ ደግሞ እኩል በእኩል። ጥላ ውስጥ አድርቀን ስናያቸው የመጀመሪያው ተሰነጠቀ፤ ሦስተኛው በአውራ ጣት ሲታሽ ፈረፈረ፤ መካከለኛው ግን ደህና ሆነ። የእናንተ ሰፈር አፈር ከእኛ ሊለይ ስለሚችል የእኛን መጠን ከመገልበጥ ራሳችሁ ሞክሩ።

ደረጃ 2፦ ጭቃውን ማቡካት

ጭቃ እንደ ሊጥ ይቦካል። አፈሩን፣ አሸዋውንና ጭዱን በውሃ ረግጠን፣ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍነን 5 ቀን አቆየነው። በየቀኑ ትንሽ ውሃ እየጨመርን ደግመን ረገጥነው። ጭዱ ሲርስ ይለሰልሳል፤ ጭቃውም ይተሳሰራል።

ስለ ጭዱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ደባርቅ ደጋ ስለሆነ በዙሪያችን የሚበዛው ገብስና ስንዴ ነው። ለልስን ግን ቀጭንና ለስላሳ የሆነው የጤፍ ጭድ ይመረጣል። የገብስ ጭድ ብቻ ካላችሁ ለግድግዳው እንዳለ ይሁን፤ ለልስኑ ግን በጣት ስፋት ክተፉት። ጭድ ጭቃው ሲኮማተር ከግራም ከቀኝም ይዞ ያስቀረዋል፤ ስንጥቁም እንዳይሰፋ ይከለክላል።

ደረጃ 3፦ ግድግዳውን ማዘጋጀት

መሠረቱን በድንጋይ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አደረግነው። በላዩ ግድግዳውን በአራት ጣት ውፍረት አቆምነው። ከፊት የእንጨት መክተቻ፣ ከኋላ የጭስ መውጫ ተውንለት። ግድግዳው ገና እርጥብ ሳለ አያቴ በእንጨት ጫፍ ጫረችው። «ምነው ታበላሺዋለሽ?» ስላት ሳቀች። ለስላሳ ግድግዳ ልስን አይዝም። ጭረቱ ለልስኑ ጥርስ ይሆነዋል።

ከዚያ ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ ቆየ። ፀሐይ እንዳይመታው ጆንያ አለበስነው። ሌሊት ደግሞ ውርጭ ስለሚወርድ በጭድ ሸፈንነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እርጥብ ጭቃ ውስጥ ያለ ውሃ ከቀዘቀዘ ጭቃውን ከውስጥ ይገፋዋል፤ ጠዋት ላዩ ይፈረፈራል። እኛ ደግሞ የመጀመሪያውን ምድጃ በታኅሣሥ ብርድ ራቁቱን አሳድረነው ነበር!

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ልስን

ልስን ከመጀመራችን በፊት ግድግዳው ላይ ውሃ ረጨንበት። ለምን? ደረቅ ጭቃ ውሃ ይመጥጣል። ሳታርሱት ብትለስኑበት የልስኑን ውሃ ወዲያው ይጠጣዋል፤ ልስኑም ሳይጣበቅ ደርቆ ይላጣል። የእኛው እንደ ሽንኩርት የተላጠው ከእርጥብ ግድግዳ ጋር እኩል መድረቅ ስላልቻለ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ደርቆ ይቆያል፤ በሚለሰንበት ሰዓት ግን ላዩ ይርሳል።

የመጀመሪያው ልስን ከጣት ውፍረት ያነሰ ነው። በመዳፍ ተጫኑና ከታች ወደ ላይ ግፉት፤ ጭረቱ ውስጥ ይግባ። የምጣዱም ጠርዝ የሚስተካከለው አሁን ነው። ጠርዙ ወጣ ገባ ከሆነ ምጣዱ በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ብቻ ይቀመጣል። ሙቀትና ክብደት ሲበዛበት እዚያው ይሰበራል፤ በክፍተቱም ጭስ ይወጣል። አያቴ ጠርዙን በዓይኗ ትለካለች። እኔ ግን ዘዴ አገኘሁ። ቀጥ ያለ ጣውላ በጠርዙ ላይ አጋድሜ፣ ግማሽ ውሃ የያዘ ሃይላንድ አስተኛሁበት። የውሃው መስመር ካዘነበለ ጠርዙ አልተስተካከለም ማለት ነው። አያቴም «ይኼስ ጥሩ ነው!» አለችኝ። ደስ አለኝ።

ደረጃ 5፦ ጥሩው ልስን

የመጀመሪያው ልስን ከደረቀ በኋላ ትንንሽ ስንጥቆች ይታያሉ፤ አትደንግጡ። የሚደፈኑት በሁለተኛው ልስን ነው። ለዚህ አፈሩ በወንፊት ይነፋል። ከአዲስ እበትና ከትንሽ የተነፋ አመድ ጋር ይለወሳል፤ ውፍረቱ እንደ ጥሩ አጃ ገንፎ ይሁን። እበት ውስጥ ከብቷ የፈጨችው ቀጭን ቀጭን የሣር ክር ስላለ ልስኑን ያያይዘዋል። ቤት ለበዓል ሲለቀለቅ አይታችሁ የለ? እንደዚያው ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ ከውስጥ በኩል፣ እሳቱ በሚነድበት፣ እበትና ጭድ አታብዙ። እሳት ስለሚያቃጥላቸው ቀዳዳ ትተው ይሄዳሉ። ለውስጡ አፈርና አሸዋ ይበቃል። ሁለተኛ፣ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ እበት አትንኩ፤ ስትጨርሱም በሳሙና በደንብ ታጠቡ።

ወንድሜ «ሲሚንቶ ብንለስነውስ?» ብሎ ነበር። የሳይንስ መምህራችንን ስጠይቃቸው እንዲህ አስረዱኝ። ሲሚንቶና ጭቃ ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ እኩል አይለጠጡም፤ እኩልም አይኮማተሩም። እርጥበትም ሲሚንቶው ሥር ይታፈናል። ስለዚህ ትንሽ ቆይቶ ይለያያሉ። የጭቃ ልስን ለጭቃ ግድግዳ ነው።

ደረጃ 6፦ በጠጠር ማሸት

ልስኑ ሙሉ በሙሉ ከመድረቁ በፊት አንድ ጥሩ ሰዓት አለ። በጥፍር ስትጫኑት ምልክት ይቀበላል፤ እጅ ላይ ግን አይጣበቅም። ያን ጊዜ ለስላሳ የወንዝ ጠጠር ወይም የቅል ስባሪ ይዛችሁ ክብ ክብ እያደረጋችሁ አሹት። የአፈሩ ቅንጣት ይተኛል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ላዩም ያብለጨልጫል። ከቸኮላችሁ ጠጠሩ ጭቃውን ይዞት ይመጣል፤ ከዘገያችሁ ይቧጭረዋል እንጂ አያለሰልሰውም።

ይህ ጥበብ የሸክላ ሠሪዎች ነው። ከጎንደር ወደ እኛ በሚመጣው መንገድ ላይ ወለቃ የምትባል መንደር አለች። በሸክላ ሥራቸው የታወቁ ቤተ እስራኤል ይኖሩባት ነበር፤ ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ድሮ ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» እያሉ የሚንቁ ሰዎች ነበሩ። እነዚያው ሰዎች ግን እንጀራ የሚበሉት በሸክላ ሠሪ ምጣድ ተጋግሮ፣ ቡና የሚጠጡት በሸክላ ሠሪ ጀበና ተፈልቶ ነበር! እኔ ለአንድ ምድጃ ሦስት ሳምንት ከደከምኩ ወዲህ ባለሙያ የሚንቅ ሰው ስሰማ ዝም አልልም።

እውነቱን ለመናገር እኔም ተስቆብኛል። ጠጠር ይዤ ምድጃ ሳሽ ያዩኝ የክፍሌ ልጆች «ወንድ ልጅ ማድ ቤት ገባ!» አሉኝ። ምን መለስኩላቸው? «ማድ ቤት የለንም፤ ግቢ ነው» አልኳቸውና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው እሳት

ልስኑ ካለቀ በኋላ 10 ቀን ቆየን። ከዚያም ትልቅ እሳት አላነደድንም። በመጀመሪያው ቀን ጭራሮ ብቻ፣ በሁለተኛው ቀን ትንሽ ጨመር፣ በሦስተኛው ቀን ጨመር አደረግን። ምክንያቱም ደረቅ የሚመስል ጭቃ ውስጥ ገና ውሃ አለ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ እዚህ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይጨምራል። በትንሽ እሳት ከሆነ እንፋሎቱ ቀስ ብሎ በጭቃው ቀዳዳ ይወጣል። በትልቅ እሳት ከሆነ ግን መውጫ ያጣና ግድግዳውን ሰንጥቆ ይወጣል። ያ «ቷ!» ያለው ድምፅ ይሄ ነበር። አያቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ስትል እማዬ ወደ እኔ አየችና ሳቀች።

አዲሱ ምጣድም የራሱ ማጠናቀቂያ አለው፤ ይሟሻል። እማዬ ምጣዱን አግላ በተወቀጠ ጎመን ዘር ደጋግማ አሸችው። የዘሩ ዘይት የሸክላውን ቀዳዳ ስለሚደፍን እንጀራው አይያያዝም።

ከክረምት መጠበቅ

ምጣድና ጀበና በኃይለኛ እሳት የተተኮሱ ሸክላዎች ስለሆኑ ውሃ መልሶ ጭቃ አያደርጋቸውም። የምድጃችን የውጭ ግድግዳ ግን ያን ያህል ሙቀት አያገኝም። የቱንም ያህል ቢለሰን የክረምት ዝናብ በቀጥታ ከመታው ይሟሟል። ስለዚህ ጠለላ፣ ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረትና በዙሪያው የውሃ መውረጃ ቦይ ያስፈልገዋል። ክረምት ሲወጣ በመስከረም ደግሞ የተሰነጠቀውን ደፍኖ እንደገና መለሰን ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ልማድ እንዳይመስላችሁ። በምዕራብ አፍሪካ፣ በማሊ አገር፣ ጄኔ በምትባል ከተማ ከጭቃ የተሠራ ትልቅ መስጊድ አለ። የከተማው ሰው በየዓመቱ ተሰብስቦ እንደ በዓል አድርጎ ይለስነዋል። እንዲህ እየታደሰ ነው የሚኖረው።

እንጨቱስ?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ስለ ወጡ እውነት ነው። ስለ እንጨቱ ግን ጉልቻን በተዘጋ ምድጃ መለወጥ ትልቅ ልዩነት አለው። ሦስት ጉልቻ ሙቀቱን በየጎኑ ይበትነዋል፤ የተዘጋ ምድጃ ግን ወደ ምጣዱ ይልከዋል። በአገራችን «ምርጥ» የሚባል ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ አለ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። የእኛ እንደ እሱ ባይሆንም፣ በፊት ለአንድ ቀን ጋገራ የማይበቃው አንድ እስር እንጨት አሁን ይተርፋል።

ይህ ለእኛ አካባቢ ቀላል ነገር አይደለም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ቦታ ነው። ዛፉ ለማገዶ ካለቀ አፈሩም ውሃውም አብሮ ይሄዳል። እንጨት ለቅመው በጀርባቸው የሚሸከሙት ደግሞ እናቶቻችንና እህቶቻችን ናቸው።

ምድጃው ካለቀ በኋላ በአራተኛው ቀን እማዬ ጋገረች። እኔ ጆሮዬን አቁሜ «ቷ!» የሚል ድምፅ እጠብቅ ነበር፤ አልመጣም። ጭሱ በኋላ በኩል ወጣ፤ እንጀራውም ዓይን በዓይን ሆነ። እማዬ ከመጀመሪያው እንጀራ ቆርሳ አያቴን አጎረሰች፤ ቀጥላ እኔን አጎረሰችኝ። ወንድሜም ያን ጊዜ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ከጎኔ ቆሞ አፉን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር።

እስቲ ራሳችሁን ፈትሹ

1. ልስን ከመጀመራችን በፊት ግድግዳው ላይ ውሃ የምንረጨው ለምንድን ነው?
2. ጭድ በጭቃ ውስጥ ምን ሥራ ይሠራል?
3. የመጀመሪያው እሳት ትንሽ መሆን ያለበት ለምንድን ነው?
4. በቤታችሁ ያለው ምድጃ ጭስ የሚያወጣው በየት በየት ነው? ዛሬ ማታ እዩና ነገ ለጓደኛችሁ ንገሩት።

መልሱ እዚሁ ጽሑፍ ውስጥ አለ፤ የአራተኛው መልስ ግን ያለው እናንተ ቤት ነው። አያት ያላችሁ ደግሞ ጠይቋቸው፤ እኔ ያልጻፍኩት ብዙ ነገር ያውቃሉ። ለዛሬ በዚሁ ይብቃኝ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!

አዘጋጅ፦ ከ7ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል